ትምህርት 9፦ በኢትዮጵያ ሥራ ይመሩ ለነበሩ አዲስ ገቢዎች - የሙያ አቅጣጫን ስለ መለወጥ

የትምህርቱ ዓላማ፦ በአገር ቤት የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣ አስተባባሪ ወይም የሥራ ኃላፊ የነበሩ ወንዶችና ሴቶች በእስራኤል ያሏቸውን ምርጫዎች እንዲያውቁ፣ ከቤተሰባቸው ጋር መክረው እንዲወስኑና ማስረጃዎቻቸውን እንዲያዘጋጁ መርዳት ነው።

መግቢያ

ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ከሚመጡት ቤተሰቦች መካከል የመንገድ፣ የውሃ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም የእርከን ሥራ ሲመሩ የቆዩ ሰዎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ በ1997 ዓ.ም. (በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ሠርተዋል። እነዚህ ሰዎች እስራኤል ሲደርሱ ከዘመድ ከወዳጅ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማሉ። አንዱ «የዚያ አገር ሥራ እዚህ ዋጋ የለውም» ይላል። ሌላው «ቋንቋውን ስትለምድ ወደ ቦታህ ትመለሳለህ» ይላል። ሁለቱንም እንዳለ መቀበል ይጎዳል።

ችግሩ በኢትዮጵያ ገቢዎች ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከ1990 ጀምሮ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ከመጡት መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ነበሩ። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጽዳት፣ በጥበቃና በፋብሪካ ሥራ ተሰማሩ። ከጊዜ በኋላ ከፊሎቹ ወደ ሙያቸው ተመለሱ፤ ከፊሎቹ ሌላ ሙያ ተማሩ፤ ከፊሎቹ ደግሞ «ለጊዜው» ብለው በያዙት ሥራ ላይ ቀሩ። የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ ይህ ሦስተኛው ዕጣ ሳይታሰብ እንዳይደርስብዎ ነው።

ሀ. ማዕረጉን ትተው ሥራውን ይዘርዝሩ

የእስራኤል ቀጣሪ የነበሩበትን መሥሪያ ቤት ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ «ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ» ማለት ብቻውን አይረዳዎትም። ወረቀት ይያዙና በየቀኑ ያከናወኑትን ይጻፉ።

ለምሳሌ፦ አንድ ሰው በገጠር የውሃ ፕሮጀክት ለ7 ዓመት ሠርቷል እንበል። ሲሚንቶና ቧንቧ ገዝቷል፤ የቀን ሠራተኞችን ቀጥሮ ደመወዝ ከፍሏል፤ ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ቦታ ከገበሬዎች ጋር ተነጋግሮ አስማምቷል፤ ለረጂ ድርጅት ሪፖርት ጽፏል። ይህ ሰው በአንድ ማዕረግ ሥር አራት የተለያዩ ሥራዎችን ያውቃል፦ ግዢ፣ ሠራተኛ ማስተዳደር፣ ከሕዝብ ጋር መሥራትና ሪፖርት ማዘጋጀት። ከአራቱ የትኛው ብዙ ዕብራይስጥ ይጠይቃል? የትኛውን በትንሽ ቋንቋ መጀመር ይቻላል? የትኛውንስ ይወደዋል? አቅጣጫው የሚገኘው ከነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ለ. ሕጉ ፈቃድ የሚጠይቅባቸው ሙያዎች

በእስራኤል «የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ» (መናሄል ፕሮየክቲም) ለመባል የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም። ቀጣሪው የሚያየው ልምድን፣ ቋንቋንና ትምህርትን ነው። ሦስት ተቀራራቢ ሙያዎች ግን በሕግ የተወሰኑ ናቸው፦

1. መሐንዲስ (መሐንዴስ)፦ በ1958 የወጣው ሕግ ምዝገባ ይጠይቃል። ዲግሪ ያለው ሰው በመሐንዲሶችና አርክቴክቶች መዝገብ ለመመዝገብ ያመለክታል።
2. ሀንደሳይ፦ ከመሐንዲስ ዝቅ ያለ የቴክኒክ ሙያ ሲሆን በ2012 የወጣ የራሱ ሕግ አለው። ከቴክኒክ ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቁ ሰዎች ስለዚህ ይጠይቁ።
3. የግንባታ ሥራ መሪ (መናሄል ዓቮዳ)፦ በ1988 በወጣው የግንባታ ደኅንነት ደንብ መሠረት በሕንፃ ሥራ ቦታ ላይ ብቁ የሆነ የሥራ መሪ መሾም አለበት። ለዚህም ትምህርትና የተግባር ልምድ ያስፈልጋል።

የውጭ አገር ዲግሪ ለመንግሥት ሥራና ለደመወዝ ደረጃ የሚገመገመው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ነው። ግምገማው የሙያ ፈቃድ አይደለም፤ ሁለቱን አያምታቱ።

ሐ. ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ወደዚያው ሙያ በደረጃ መመለስ ነው። ፕሮጀክት ሲመራ የነበረ ሰው እንደ ረዳት ሆኖ ይገባና የአገሩን ዕቃ፣ ሕግና የአነጋገር ልማድ እየተማረ ያድጋል።

ሁለተኛው ወደ ጎረቤት ሙያ መሻገር ነው። ግዢ የሚያውቅ በመጋዘንና በዕቃ አቅርቦት፣ ሕዝብ ማስተባበር የሚያውቅ በማኅበረሰብ አስተባባሪነት (ራካዝ) ሊሠራ ይችላል። ለአስተባባሪነት አማርኛ ማወቅዎ ራሱ ሀብት ነው።

ሦስተኛው ሙሉ የሙያ ለውጥ (ሀሳቫ ሚክጾዒት) ነው፦ ለምሳሌ ነርስነት፣ መምህርነት፣ የላቦራቶሪ ወይም የኮምፒውተር ሙያ። ይህ ዓመታት ይወስዳል። ለትምህርት ክፍያ የሚሰጥ እርዳታ የዕድሜና የጊዜ ገደብ ስላለው ከመመዝገብዎ በፊት በአልያና ቅበላ (ክሊታ) ሚኒስቴር የሥራ አማካሪዎን ይጠይቁ።

በረሆቮት የሚኖሩ ሰዎች ሦስቱንም መንገዶች በአቅራቢያቸው ማየት ይችላሉ። በከተማው የካፕላን ሆስፒታል፣ የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም፣ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲና ከነስ ጽዮና ጋር የሚዋሰነው የሳይንስ ፓርክ ይገኛሉ። እነዚህ ቦታዎች ከሐኪምና ከሳይንቲስት ሌላ የግዢ፣ የጥገና፣ የመጋዘንና የቢሮ ሠራተኞችም አሏቸው። በቂርያት ሞሼ ሰፈር ቀድመውን የመጡ ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ሥራ የያዙትን ቀርበው ቢጠይቁ የሚነግርዎት አያጡም።

መ. ማስረጃዎን ያዘጋጁ

ዘመን፦ የኢትዮጵያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ሳይቀየር ከቀረበ ቀጣሪው የተሳሳተ ዕድሜና ልምድ ያነብባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨምሩ። «ከመስከረም 2005 እስከ ሰኔ 2012» የሚለው ከሴፕቴምበር 2012 እስከ ጁን 2020 ይሆናል።

ስም፦ በዲፕሎማው ላይ ያለው ስምና በእስራኤል መታወቂያ (ቴዑዳት ዜሁት) ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ ነው። የቀድሞ ስምዎን የሚገልጽ ማስረጃ ከሕዝብ ምዝገባ ቢሮ ይጠይቁ።

ዋና ሰነድ፦ ኮፒውን እንጂ ዋናውን ለማንም አይተዉ። ዋናውን ማሳየት ካስፈለገ አሳይተው ይዘው ይመለሱ።

ሠ. በሥራ ቃለ መጠይቅ

ያደግንበት ጨዋነት ራስን ማወደስ ይከለክላል። «ሠራሁ» ከማለት «ሠራን» እንላለን፤ አንገታችንን ደፍተን በአጭሩ እንመልሳለን። እስራኤላዊው ጠያቂ ይህን እንደ ትሕትና አያየውም፤ ሥራውን ሌሎች ሠርተውታል ብሎ ይረዳዋል። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በዕብራይስጥ አጥንተው ይሂዱ፦ ስንት ሰው እንደመሩ፣ ምን ሠርተው እንደጨረሱ፣ ምን ችግር ገጥሞዎት እንዴት እንደፈቱት። የነገሩት ሁሉ እውነት ይሁን፤ ቁጥሩም ትክክል ይሁን።

ረ. በቤት ውስጥ መምከር

ከባድው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በኡልፓን ወራት ነው። ልጆች ልብስና መጽሐፍ ይፈልጋሉ፤ በአገር ቤት የቀረ ዘመድም እርዳታ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ኡልፓኑን አቋርጦ የቀን ደመወዝ መያዝ ያጓጓል። ነገር ግን ያለ ዕብራይስጥ ከላይ ከተዘረዘሩት መንገዶች አብዛኞቹ ይዘጋሉ። መቶ ሠራተኛ ሲመራ የነበረ አባትም ደብዳቤ ሁሉ በልጁ ሲያስነብብ ይኖራል፤ ይህም አባትንም ልጅንም ያስጨንቃል።

ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የወር ወጪያቸውን፣ ኡልፓኑ የሚያልቅበትን ቀንና ማን መጀመሪያ እንደሚማር ይጻፉ። መሥራት ግድ ከሆነ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሆነ ሥራ ወይም የማታ ኡልፓን መኖሩን ይጠይቁ። ጊዜያዊ ሥራ ሲይዙ ነውር የለበትም፤ ግን መቼ እንደገና እንደምትመክሩበት ቀን ቁረጡለት።

ማንኛውንም ሥራ ሲጀምሩ ቀጣሪው የሥራ ሁኔታዎን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊሰጥዎ እንደሚገባ በ2002 የወጣው ሕግ ያዛል። የደመወዝ ወረቀትዎን (ትሉሽ) በየወሩ ይቀበሉና ያስቀምጡ፤ ነገ የእስራኤል የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ይሆናል።

የሚጠኑ ቃላት

ኮሮት ኻዪም - የሕይወትና የሥራ ታሪክ ጽሑፍ
ረአዮን ዓቮዳ - የሥራ ቃለ መጠይቅ
ኒሳዮን - ልምድ
ሪሻዮን - ፈቃድ
ሊሽካት ታዓሱካ - የሥራ ማገናኛ ቢሮ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአገር ቤት ከነበረዎት ሥራ ውስጥ አራት ተግባሮችን ይዘርዝሩ። እዚህ አገር ማን ይፈልጋቸዋል?
2. ከሦስቱ መንገዶች ለቤተሰብዎ የሚስማማው የትኛው ነው? ስንት ጊዜ ይወስዳል? በዚያ ጊዜ ቤቱን ማን ይደግፋል?
3. በቃለ መጠይቅ የሚናገሯቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ በአማርኛ ይጻፉ፤ ከዚያም ከኡልፓን መምህርዎ ጋር ወደ ዕብራይስጥ ይመልሱ።