ድንገተኛ ሕመም፣ አንጎልና የታካሚው ቃል፦ ሰቆጣን መነሻ ያደረገ ምልከታ

ከዋግ ኽምራ ገደላማ ቀበሌዎች ባንዱ እግሩ የተሰበረ ገበሬ፣ ምናልባትም ስብራቱን ወጌሻ አስቀድሞ ጎትቶለት፣ ሰቆጣ ወዳለ ሕክምና መጣ እንበል። «ሕመሙ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ይሆናል?» ተብሎ በአማርኛ ይጠየቃል። አፉን የፈታው ግን ከአገው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኽምጣኛ ነው። ዝግ ብሎ «ደኅና ነኝ» ቢል መዝገቡ ላይ ትንሽ ቁጥር ይሰፍራል፤ ማስታገሻውም በዚያው ልክ ይሆናል። ያ ቁጥር በአንጎሉ ውስጥ ስለሚካሄደው ነገር ምን ያህል ይመሰክራል?

የጉዳት ምልክት ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚጓዘው በሁለት ዓይነት የነርቭ ክሮች ነው። ኤ-ዴልታ የሚባሉት በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሮጣሉ፤ ሲ የሚባሉት ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ብቻ ይጓዛሉ። እሾህ የረገጠ ሰው መጀመሪያ ስል ውጋት፣ ጥቂት ቆይቶም የሚያቃጥል ስሜት የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እግሩንማ አንጎሉ ገና ሳያውቅ ኅብለ ሰረሰሩ አስነሥቶታል። ምልክቱ በታላመስ በኩል ሲከፋፈል የዳሰሳ ኮርቴክስ ቦታውንና ብርታቱን ይለያል፤ ኢንሱላና የፊተኛው ሲንጉሌት ኮርቴክስ ደግሞ ከአስጨናቂነቱ ጋር የተያያዘውን ሥራ ይሠራሉ።

ይሁንና መንገዱ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ አይደለም። ሜልዛክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት የበር ንድፈ ሐሳብ መሠረት ኅብለ ሰረሰር ምልክቱን ያጠብቃል ወይም ያላላል፤ አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን ይገፋል። ቢቸር እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት ከ215 ከባድ የጦር ቁስለኞች መካከል ሦስት አራተኛ ያህሉ ማስታገሻ አለመፈለጋቸውን መዝግቧል። ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርስ በተነቀሉ ታካሚዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ በባዶ መድኃኒት የሚገኘውን እፎይታ ናሎክሶን እንደሚያደበዝዘው አሳዩ፤ ይህም አንጎል የራሱን ኦፒዮይድ እንደሚያመነጭ የሚጠቁም ነው።

ስለዚህ የገበሬው ጸጥታ ሁለት ፍቺ አለው። አንጎሉ ምልክቱን በእርግጥ አላልቶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሕመሙ እንዳለ ሆኖ ቃል አጥቶ ወይም በሰው ፊት መጮኽን ነውር ቆጥሮ ይሆናል። ቁጥሩ ብቻውን እነዚህን አይለያቸውም። የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ የቃል ገለጻ ሕመምን ከመግለጫ መንገዶች አንዱ ብቻ መሆኑን አስፍሯል። በእኔ ግምት ከቁጥሩ ይልቅ «በደንብ መተንፈስ፣ መሳል፣ እግርህን ማንቀሳቀስ ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ የሚያጣው ነገር ያንሳል።

አማርኛ ውጋትን፣ ቁርጠትን፣ ፍልጠትን፣ ጥዝጠዛን ይለያል፤ ቃላቱ ራሳቸው ስለ ሕመሙ ምንጭ ፍንጭ ይሰጣሉ። ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ለእንግሊዝኛ ያዘጋጀው መጠይቅም የተገነባው በእንዲህ ያሉ ቃላት ላይ ነው። ለኽምጣኛ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት የሚነሣ ተመራማሪ የአማርኛውን ዝርዝር ከመተርጐም ይልቅ ተናጋሪዎቹ ምጥን፣ ስብራትንና የጥርስ ሕመምን በምን በምን ቃል እንደሚለዩ በማዳመጥ ቢጀምር ይመረጣል።