የመስከረም ወንዝና የዓሣ ማጥመድ ዘዴ

እንደሚታወቀው ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞች፣ ማለትም ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ገና አልጎደሉም። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ጉልበቱም አልበረደም። «በዚህ ጊዜ ዓሣ አይያዝም» የሚሉ አሉ። ይያዛል፤ ግን የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ የትኛው መተው እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። ነገ በወንዝ ዳር ት/ቤቶች ለምንመደብ ሁሉ ሁለቱም ትምህርት ነው።

ሀ. ዓሣው የት ይቆማል?

ዓሣ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ከኃይለኛ ወራጅ ጋር ሲታገል አይውልም። ስለሆነም ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት የውስጥ ዳር፣ ጅረት ከወንዙ ተገናኝቶ ውሃው በሚረጋበት ቦታ እንፈልገዋለን። ውሃው እየጎደለና እየጠራ ሲሄድ ደግሞ ወደ ጥልቁ ያፈገፍጋል።

ለ. በምን ይያዛል?

በድፍርስ ውሃ ዓይን ብዙ አይሠራም። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በስምንት ጢሞቹ እየዳሰሰና እያሸተተ ነው። እንግዲህ መንጠቆው ላይ የምድር ትል ሰክተን፣ ክሩ ላይ እርሳስ አስረን ከወንዙ ወለል ማሳረፍ ነው። ጎርፍ ከሥሩ የቦረቦረው ዳር ስለሚናድ ጫፉ ላይ አንቁም።

ሐ. የሚተወው የትኛው ነው?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በጣና 15 የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አጥማጆች «ነጭ ዓሣ» ይሏቸዋል። ከእነዚህ በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። ለምን ቢሉ፣ ዕንቁላላቸው ንጹሕ ጠጠርና ኦክስጅን የሞላበት ወራጅ ውሃ ይፈልጋል፤ ደለል ከሸፈነው ይታፈናል። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ታዲያ እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ዕንቁላሏን ያልጣለችውን እናት ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተንማ የባሰ ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው መሰል የዓሣ ቤተሰብ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የጣናው ገና አለ።

መ. ምን እናድርግ?

1. በመራቢያው ወራት በወንዝ አፍ መረብ አንዘርጋ። መንጠቆ አንድ በአንድ ስለሚይዝ ነጭ ዓሣ ቢመጣ መልሶ ለመልቀቅ ያመቻል።
2. ከተማሪዎች ጋር በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ የወንዝ ውሃ ቀድተን እናስቀምጥ። የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ ለክተን በሠንጠረዥ እንመዝግብ።

ለውይይት፦ በተራራው ላይ እርከን መሥራት ለዓሣው ዕንቁላል ምን ይጠቅማል? ኑሮው በመረቡ ለተመሠረተ አጥማጅ ልጅ ይህን ትምህርት እንዴት አድርገን እናቅርብለት?