ስለ በልግ ጓሮ አትክልት መደብ አሠራር፤ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሐብሩ

የጓሮ አትክልት ሥራ እንደ ሌላው እርሻ ሁሉ አስቀድሞ ማሰብንና መለካትን የሚሻ ነው። ይሁን እንጂ በልግ ሲቀርብ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚወርደው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መደብ ብዛት እንጂ ስለ ውሃ ሲናገር አይሰማም። እያንዳንዱ ቤት ዐሥር ዐሥር መደብ ይሥራ ይባላል፤ ባለቤቱም ይሠራል፤ በሚያዝያ የሚታየው ግን የደረቀ ተክልና የባከነ ዘር ነው። ስለዚህ ትምህርታችንን ከውሃው እንጀምራለን።

የመደቡ ወርድ ሁለት ክንድ ይኸውም 1 ሜትር፣ ርዝመቱም 5 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ወርዱ ከዚህ ቢበልጥ አራሚው አፈሩን ሳይረግጥ እጁ ከመካከሉ አይደርስም፤ የተረገጠ አፈርም ሥር አያሳልፍም። በመደብና በመደብ መካከል ለመተላለፊያ አንድ ክንድ ይተው። እንዲህ ያለው መደብ ቅጠሉ ከተስፋፋ በኋላ ዝናብ በሌለበት ቀን ከ20 እስከ 25 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ወይም ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ይፈልጋል። እንግዲህ ዐሥር መደብ ያዘዘ ሹም ዝናብ በቀረ ቀን ሁሉ ዐሥር ጀሪካን ውሃ አዝዟል ማለት ነው። ይህን ውሃ ከምንጭ የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ እናትና ልጅ ናቸው። ከመጠጥና ከወጥ ተርፎ በቀን ሦስት ጀሪካን የሚያገኝ ቤት ሦስት መደብ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ነገር የመደቡ ከፍታ ነው። ወልድያና መርሳ የሚራራቁት በመንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ መርሳ በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከመርሳ በስተምሥራቅ ያለው የሐብሩ ምድርም ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ይበረታል። ከፍ ያለ መደብ ጥቅሙ ውሃ የሚተኛበትን አፈር ማጠንፈፉ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ፀሐይና ነፋስ በየጐኑ ስለሚያገኙት ቶሎ መድረቁ ነው። ስለዚህ በወልድያ ዙሪያ ዋልካ አፈር ባለበትና ውሃ በሚተኛበት ስፍራ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ ይገባል። በሐብሩ ቈላ ግን ለበልግ መደቡ ከመሬቱ ዝቅ ብሎ ጠርዙ ብቻ እንደ ድንበር ከፍ ይበል፤ የወረደው ጠብታ ሁሉ በዚያው ይቀራል። ክረምት ሲገባ ይኸው መደብ አፈር ተጨምሮበት ከፍ ካልተደረገ ተክሉ ይበሰብሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ መሥራት ድካም መሆኑ እውነት ነው፤ ለጕብኝት እንዲያምር ተብሎ ሁሉን በአንድ ልክ ማሠራት ግን ከዚህ የባሰ ድካም ነው። የአፈሩ ጠባይ ላጠራጠረው አስተዳዳሪ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማእከል በዚያው በሐብሩ ይገኛል፤ ሄዶ መጠየቅ ነው።

የቀይ ሽንኩርት ችግኝ ለመዛወር ከ45 እስከ 50 ቀን ይፈጅበታል፤ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን አንድ ወር ያህል ይበቃቸዋል። በየካቲት መጨረሻ የሚዛወር ሽንኩርት እንግዲህ በጥር መጀመሪያ፣ ቲማቲም ደግሞ በጥር መጨረሻ በችግኝ መደብ ይዘራ። የበልግ ዝናብ ቀኑን የሚጠብቅ ስላልሆነ ዘሩን ሁለት ከፍሎ እኵሌታውን ከ15 ቀን በኋላ መዝራት ይሻላል፤ ዝናቡ ቢዘገይ የመጀመሪያው ችግኝ አርጅቶ ቢጠፋ እንኳ ሁለተኛው ይደርሳል። ማዛወሩ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁን። ካሮት አይዛወርም፤ በቦታው ይዘራል። ፍግ በደንብ የበሰበሰ ካልሆነ ሥሩን ያቃጥላል። አፈሩን በደረቅ ሣር መሸፈን ውሃ ይቈጥባል፤ ጭዱ ግን ለከብት ይቅር።

ይህ ሥራ እህልን አይተካም፤ በ1966 ዓ.ም. በረኃብ የተጐዳውን ወሎ ቆስጣ ባላዳነው ነበር። ነገር ግን ጎተራ በሚጐድልበት በግንቦትና በሰኔ ለሕፃናት ገበታ ቅጠል ማቅረብ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከቀበሌ ወደ ወረዳ በሚላከው ዝርዝር ከመደቡ ቍጥር አጠገብ በየቤቱ የሚገኘው የውሃ ልክ በጀሪካን ይጻፍ፤ ዘሩም የሚታደለው በዚያ ልክ ይሁን።