ምን ተሠራ? ምንስ ተለወጠ?

መንግሥት «አክራሪነትንና ዓመፅን እየተከላከልኩ ነው» ሲል ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው «ምን ተሠራ?» ሲሆን ሁለተኛው «ምን ለውጥ መጣ?» የሚለው ነው። ለዚህ የአሜሪካ ተሞክሮ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ስትራቴጂና የማስፈጸሚያ ዕቅድ አወጣ። የኮንግሬሱ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ ከ44 ተግባራት ውስጥ እስከ 2016 መጨረሻ 19ኙ ተፈጽመዋል፤ 23ቱ በሂደት ላይ ነበሩ፤ 2ቱ አልተጀመሩም። ይህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል። ሁለተኛው ግን መልስ አላገኘም። ዕቅዱ የውጤት መለኪያ ስላልነበረው፣ አገሪቱ ከ2011 የተሻለ ደኅንነት ማግኘት አለማግኘቷን መርማሪዎቹ ሊወስኑ አልቻሉም።

ሌላም ቁም ነገር አለ። በዚሁ ሪፖርት መሠረት፣ ከመስከረም 2001 ጥቃት ማግሥት እስከ 2016 መጨረሻ አክራሪዎች 225 ሰዎችን ገድለዋል። በእስልምና ስም የተንቀሳቀሱት በ23 ጥቃቶች 119፣ ቀኝ አክራሪዎች ደግሞ በ62 ጥቃቶች 106 ሰዎች ገድለዋል። ሆኖም በ2014 ለሙከራ ከተመረጡት ሦስት ከተሞች አንዷ በሆነችው በሚኒያፖሊስ ትኩረቱ በሶማሌው ማኅበረሰብ ላይ ነበር።

ልብ በሉ! ማኅበረሰብ በጅምላ ከተጠረጠረ፣ ለልጇ የሠጋች እናት ምክር ፍለጋ ደጅ አትጠናም፤ በሯን ትዘጋለች እንጂ። ስለዚህ የስብሰባና የሥልጠና ብዛት ብቻውን መለኪያ አይሆንም። «ሕዝቡ አምኖ ይመጣል ወይ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት።