ሕጉን ከምንጩ እንፈልግ

ተመርቀን ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ስንመደብ ሥራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አያበቃም። የሲሬን አካባቢ የምናውቅ እጩ መምህራን እንደምንረዳው፣ ለጎረቤቱ ደብዳቤ አንባቢውም ማመልከቻ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው። ገበሬው ስለ መሬቱ፣ እናት ስለ ልጇ ቀለብ «መምህር፣ ሕጉ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁናል። ታዲያ «እንዲህ ነው ሲሉ ሰምተናል» ብለን ብንመልስ፣ በእኛ ወሬ ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም የሕግ አፈላለግን ዘዴ በአጭሩ እናጥና።

1ኛ/ ዋናው ምንጭ፦ የአገራችን ሕግ የሚታወጀው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተብሎ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የኦሮሚያ ሕጎች ደግሞ በመገለተ ኦሮሚያ ይታተማሉ። ስለዚህ አርሲ ውስጥ ለተነሳ ጉዳይ ሁለቱንም ማየት ይገባል።

2ኛ/ የሚገኝበት ቦታ፦ ዱሮ የታተመውን መግዛት ወይም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማገላበጥ ግድ ነበር። ዛሬ አዋጆች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ፣ የሰበር ችሎት ውሳኔዎች በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጽ በየቅጹ ይገኛሉ። አቢሲኒያ ሎው የተባለው የግል ድረ ገጽም ብዙ ሕጎችን ሰብስቧል፤ ለመፈለግ ይረዳል፣ ማስረጃው ግን የጋዜጣው ገጽ ነው። ኔትወርክና መብራት ስለማያስተማምኑ ከተማ ሳለን አውርደን በፍላሽ መያዝ ይበጃል።

3ኛ/ ቁጥርና ዓመት፦ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። አዋጅ ቁጥር 1 በ1934 ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1 በ1987 ግን ሕገ መንግሥቱን ያወጀው ነው። ደግሞም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ይባላል። ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ነው እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

4ኛ/ ጸንቷል ወይስ ተሽሯል? ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሆነ። አስተዳደሩ በ89/1989፣ ቀጥሎም በ456/1997 ተደነገገ፤ ይህም በ1324/2016 ተተካ። አንድ ሰው 456/1997ን ይዞ «ሕጉ ይኸው!» ቢለን ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ጊዜው ግን አልፏል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስለ ተሻሩ ሕጎችና ሕጉ ስለሚጸናበት ቀን የሚናገሩት አንቀጾች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚገኙ አስቀድመን እነሱን እናንብብ።

5ኛ/ የሕግ ደረጃ፦ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ በምክር ቤቱ፣ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ በየመሥሪያ ቤቱ ይወጣል። መመሪያ ከአዋጅ በላይ ሊሆን አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት የፌዴራል መመሪያ ሳይመዘገብና በድረ ገጽ ሳይወጣ ተፈጻሚ አይሆንም። እንግዲያስ «መመሪያው አይፈቅድም» ለሚለን ሰው «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

መልመጃ፦ በቡድን ሆነን አዋጅ ቁጥር 1324/2016ን እናውጣ። የታተመበትን ቀንና የሻራቸውን ሕጎች በደብተራችን ጽፈን በሚቀጥለው ሳምንት እናስተያይ።

በመጨረሻም ድርሻችንን እንወቅ። የኛ ሥራ ትክክለኛውን ሕግ አግኝቶ ማንበብ ነው፤ ክርክሩ ለጠበቃ፣ ፍርዱ ለዳኛ ነው። ይሁን እንጂ ትክክለኛውን አንቀጽ ይዞ ፍርድ ቤት የሚገባ ገበሬ ባዶ እጁን አልገባም።