ምዕራፍ ሰባት፦ ራሱን የተመታ ሰው ወደ ሐኪም የሚወሰድበት ጊዜ

በኢሉባቦር ሰው ጭንቅላቱን የሚጎዳበት አጋጣሚ ከዕለት ኑሮው ጋር የተያያዘ ነው። ከቀረሮ ወይም ከዋንዛ ጫፍ ቀፎ ሲሰቅል የሚወድቀው ንብ አናቢ፣ በክረምት ጭቃ ሞተር ብስክሌቱ የሚገለበጥበት ጎልማሳ፣ ከበቅሎ ጀርባ የሚጣለው አዛውንት፣ ቡና ሲለቅም ቅርንጫፍ የሚከዳው ልጅ፣ ሁሉም ወደ ቤታቸው በደረሱ ጊዜ ዘመድ የሚጨነቅበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንውሰደው፣ ወይስ እስኪነጋ እንጠብቅ?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከባድ የሚያደርገው የሕመሙ ጠባይ አታላይ መሆኑ ነው። ከዛፍ የወደቀው ንብ አናቢ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ ተነሥቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ ውኃ ጠጥቶና ከጎረቤቶቹ ጋር ተጨዋውቶ «ደኅና ነኝ» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በጆሮው ግንድ አጠገብ ያለው ስስ አጥንት ተሰንጥቆ በስተውስጥ የሚያልፈው የደም ሥር ተበጥሶ እንደ ሆነ፣ ደሙ በዝግታ ይጠራቀማል፤ የራስ ቅልም የማይለጠጥ አጥንት ስለ ሆነ፣ አንጎል የሚሸሽበት ስፍራ አጥቶ ይጨመቃል። ስለዚህ ቀትር ላይ ሲጫወት የነበረው ሰው ሲመሽ ራስ ምታቱ እየበረታ፣ እያስመለሰው፣ እንቅልፍ እየከበደው ይሄድና፣ ቤተ ሰቡ «ደክሞት ነው» ብሎ ሲተወው፣ ሌሊቱን አልነቃ ይላል።

በ1974 እ.ኤ.አ. ቲስዴልና ጄኔት የተባሉ ሁለት የግላስጎው ከተማ ሐኪሞች የተጎጂን ልቡና የሚመዝኑበትን ሥርዓት ለዓለም ሐኪሞች አቀረቡ። ሥርዓቱ የዓይንን መከፈት፣ የአንደበትን መልስና የእጅ እግርን እንቅስቃሴ ይመረምራል፤ ፍጹም ጤነኛ የሆነው 15፣ እጅግ የተጎዳውም 3 ነጥብ ያገኛል። ነጥቡን መስጠት የባለሙያ ሥራ ቢሆንም፣ እነዚህን ሦስቱን ማስተዋል ግን ለማናቸውም አስታማሚ የሚቻል ነው።

እንግዲህ ዓይኑን ሲያዩት አንዱ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ቢገኝ፣ ወይም ሲጠሩት ለመንቃት ቢቸገር፤ አንደበቱ ቢኮላተፍ፣ ያለበትን ስፍራ ወይም የልጁን ስም ቢስት፤ አንድ እጁ ወይም እግሩ ቢዝል፣ ሰውነቱም ቢንቀጠቀጥ፣ ጥቂት እንኳ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። እንዲሁም ለአንድ አፍታም ቢሆን ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ንጹሕ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፣ ከጆሮው ኋላ ወይም በሁለቱ ዓይኖቹ ዙሪያ ቆዳው ከጠቆረ፣ ሌላ ምልክት አይጠበቅም። ሕፃን ከሆነ እርግብግቢቱ መወጠሩ፣ ጡት አልጠባም ማለቱ ወይም ሊባበል የማይችል ልቅሶው በቂ ማስረጃ ነው። በአረጋዊ ግን ደሙ እጅግ በዝግታ ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ መዘንጋትና የእርምጃ መሳት «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ምልክት ባይታይበት እንኳ ይመርመር።

ሐኪም ቤት እስኪደርስ ድረስ ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ በአንድ መስመር ተይዞ በቃሬዛ ይጫን እንጂ በጀርባ አይታዘል፣ በበቅሎም አይቀመጥ። ቢያስመልሰው መላ አካሉ በአንድነት ወደ ጎን ይዙር። የሚደማው ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ይያዝ፤ አጥንቱ የሰረጎደ ከሆነ ግን በላዩ መጫን አይገባም። በቡና አገር የተለመደው የቡና ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ያቆሽሻል እንጂ አይፈውስም፤ አረቄና አስፕሪንም ይጎዳሉ።

አንዳች ምልክት ያልታየበት ሰው እንኳ ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት ብቻውን አይተው። መተኛት ራሱ አይገድለውም፤ ነገር ግን ሌሊቱን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ተቀስቅሶ ስሙን ይጠየቅ፣ እጁንም ያንሣ።

ከሁሉ በላይ የአገራችንን መንገድ እናስብ። ከገጠር ቀበሌ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያውም መቱ ካርል ሆስፒታል ለመድረስ ሰዓታት ያልፋሉ፤ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም በበደሌ በኩል እስከ ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። በትልቅ ከተማ ያለ ሰው ጥቂት ቢጠብቅ ሐኪሙ በአቅራቢያው ነው፤ በቾ ወይም ቡሬ ያለ ሰው ግን ምልክቱ እስኪከፋ ከጠበቀ፣ የሚከፋው በመንገድ ላይ ነው። ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ዘመድም በመኪናው ውስጥ ሆኖ ሊጸልይ ይችላል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በከንቱ ወደ ሐኪም ሄዶ በደኅና መመለስ የአንድ ቀን ድካምና ጥቂት ገንዘብ ብቻ የሚያስከፍል መሆኑን ዐውቀህ፣ በተጠራጠርህ ጊዜ ሁሉ ለመሄድ ወስን፤ ይህንንም ለቤተ ሰብህና ለጎረቤትህ አስተምር።