ቴርሞስታት ለቆላ መኪና አያስፈልግምን?

እንደሚታወቀው በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ጋራዦች በብዛት ከሚሰሙት ምክሮች አንዱ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚለው ነው። የሙቀት አመልካቹ መርፌ ከፍ ባለ ጊዜ በቅድሚያ የሚወነጀለው ይኸው ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም ምንም ሕመም የሌለበት መኪና ከደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ይነቀልለታል። የሚሰጠው ምክንያት ዕቃው በረዶ ለሚጥልበት አገር የተሠራ ስለሆነ ለቆላ አያስፈልግም የሚል ነው። አዳማ በከፍታዋ ወይና ደጋ መሆኗን ለጊዜው እንተወውና፣ አባባሉ በፊዚክስ ሲመረመር ምን ያህል እንደሚያስኬድ በዚህ ጽሑፍ ለማየት እንሞክራለን። የአንድ ሚኒባስ ሞተር ሲቃጠል የአንድ ቤተሰብ ገቢ ይቋረጣል። በተለይም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘም የብዙዎች ጭንቀት ሆኗል።

ዕቃው ምን ይሠራል?

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ከሚገኘው ጉልበት መኪናውን ለመንዳት የሚውለው በግምት ሲሦው ብቻ ነው። ሌላው ሲሦ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ከቀረው ውስጥ አብዛኛው በብሎኩና በቴስታው ግድግዳ በኩል ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይተላለፋል። ፖምፓው ውኃውን ያዘዋውረዋል፣ ራዲያተሩም ሙቀቱን ለአየር ያስረክባል። ቴርሞስታት በዚህ መንገድ ላይ የተቀመጠ በር ነው።

በሩን የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ሰም ነው። በአንዲት ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ የታሸገው ሰም በተወሰነ ሙቀት ሲቀልጥ ይዘቱ ይጨምራል፤ በዚህም አንዲት ዘንግ እየገፋ በሩን ይከፍታል። ሲበርድ ሰሙ ይኮማተራል፣ ስፕሪንጉም በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለመኪና እንዲስማማ አድርጎ የፈለሰፈው ሰርጂየስ ቨርኔት የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። በብዙ መኪናዎች ላይ በሩ መከፈት የሚጀምረው በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ደግሞ ከዚያ በ12 ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ነው። በሩ ዝግ ሳለ ውኃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ መስመር በሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሞተሩ በጋለ ጊዜ የጤነኛ ቴርሞስታት በር ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቅዝቃዜ በሚሻበት ሰዓት ጤነኛ ቴርሞስታት የሚጋርደው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ተጣብቆ አልከፈት ያለ ቴርሞስታት ግን ሞተር እንደሚያቃጥል አይካድም፤ የጋራዥ ባለሙያዎች ጥርጣሬ መነሻውም ይህ ነው።

የአዳማ ሙቀት ምን ያህል ይከብዳል?

ራዲያተር ለአየር የሚሰጠው ሙቀት በውኃውና በአየሩ ሙቀት መካከል ካለው ልዩነት ጋር የሚመጣጠን ነው። ውኃው 90 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ 22 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 68 ነው፤ አዳማ ላይ 30 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ 60 ይሆናል። ቅናሹ 12 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። በሌላ በኩል አዳማ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል አየሯ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሙቀቱ ልዩነት ተቀንሶለት እንኳ አንድ ማራገቢያ አዳማ ላይ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት አዲስ አበባ ላይ ከሚያንቀሳቅሰው በ6 በመቶ ያህል ይበልጣል። በመሆኑም ከኪሳራው ከፊሉ ይካካሳል። ወደ መተሐራ ሲወረድ ሙቀቱ በእርግጥ ይበረታል፤ ሆኖም ራዲያተሩ ንጹሕ የሆነ መኪና ይህን ሁሉ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ከመተሐራ የባሰ ሙቀት ባለባቸው የዐረብ በረሃዎች የሚነዱት ተመሳሳይ ቶዮታዎችም ቴርሞስታት አላቸው።

ቴርሞስታቱ ሲነቀልስ?

በአንዳንድ ሞተሮች፣ በተለይም በብዙዎቹ ቶዮታዎች፣ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ዋናው በር የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት ሁለተኛው በር በዚያው ቅጽበት አቋራጩን ይዘጋል። ዕቃው ከተነቀለ አቋራጩን የሚዘጋው የለም፤ ከጋለው ውኃ የተወሰነው ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። እንዲህ ያለው ሞተር አቀበት ላይ ቴርሞስታት ካለው ይልቅ ሊግል ይችላል። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍትም ሞተሩ የመጋል ጠባይ ቢኖረውም እንኳ ቴርሞስታቱ እንዳይነሳ የሚያስጠነቅቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተሳሳተ ማብራሪያ ማረም እንወዳለን። «ቴርሞስታት ከሌለ ውኃው በጣም ስለሚፈጥን ራዲያተር ውስጥ ለመብረድ ጊዜ አያገኝም» የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ውኃው ሲፈጥን እያንዳንዱ ሊትር በጥቂቱ ይበርዳል እንጂ በደቂቃ የሚያልፈው ውኃ ስለሚበዛ በጠቅላላው የሚወጣው ሙቀት አይቀንስም። ቴርሞስታትን ለመከላከል የተሳሳተ ፊዚክስ መጥቀስ አያስፈልግም።

አቋራጩ ጠባብ በሆነባቸው ሞተሮች ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ሞተሩ ይበርዳል። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በማለዳ ወደ አዳማ የሚወርድ መኪና ጭነቱ ቀላል፣ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስም ብርቱ ስለሆነ ያለ ቴርሞስታት 60 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ረጅም መንገድ ሊጓዝ ይችላል። በቀዘቀዘው የሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያልተነነ ቤንዚን ያርፍና የዘይቱን ሽፋን ያጥባል፤ ከዘይቱም ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል። ከቃጠሎው የሚወጣው የውኃ ተንም ከሞተሩ ግርጌ እየተጠራቀመ ዘይቱን ወደ አተላነት ይለውጠዋል። በኮምፒውተር በሚመራ መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያምን ነዳጅ ይጨምራል። ባለቤቱ የሚያየው መርፌው ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው፤ ሞተሩ ያለ ጊዜው ሲያረጅ ግን ጥፋቱን ከቴርሞስታቱ ጋር የሚያያይዘው አይኖርም።

ታዲያ ለጉዞ ደኅንነት ያስፈልጋል ወይ? መኪናው ያለ እርሱ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ፍሬኑም ይይዛል። ጭው ባለ ሜዳ ላይ ተጣብቆ የቀረን ቴርሞስታት ነቅሎ እስከ ቀጣዩ ከተማ ቀስ ብሎ መድረስም የሚያስወቅስ አይደለም። አደጋው የሚመጣው መንቀሉ ሕክምና ተደርጎ ሲወሰድና እውነተኛው በሽታ ሲደበቅ ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ሲነዳ ግሎ በድንገት የሚጠፋ ሞተር የፍሬኑንና የመሪውን ማገዣ ይዞ ይጠፋል፤ ፈጣን ተሽከርካሪዎች በሚያልፉበት መንገድ ዳር መቆምም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

እውነተኛው በሽታ የት ነው?

ብዙ ጊዜ በውኃው ውስጥ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች መካከል ሲያልፍ ብዙ ማዕድን ይዞ ይወጣል፤ በአዳማ አጠገብ ባለችው ወንጂ በፍሎራይድ የበዛ የጉድጓድ ውኃ የነዋሪውን ጥርስና አጥንት መጉዳቱ በምርምር የታወቀ ነው። ፍሎራይዱ ራዲያተር ይደፍናል ማለታችን አይደለም። ከእርሱ ጋር የሚመጡት ሌሎች ማዕድናት ግን በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየውን ዓይነት ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይሠራሉ። ከመተሐራው በሰቃ ሐይቅ የሚቀዳ ጨዋማ ውኃማ የአሉሚኒየም ቴስታን ይበላል። ኩላንት «አንቲፍሪዝ» በመባሉ ብቻ በረዶ ለሌለበት አገር አይረባም ይባላል፤ ነገር ግን ዝገት መከላከያ ያለበት ሲሆን፣ እኩል በእኩል ከተጣራ ውኃ ጋር ሲደባለቅ የመፍያ ነጥቡን በ8 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል።

ሌላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። አዳማ ላይ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ተኩል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን አዳማ ላይ የመፍያ ነጥቡን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደከመ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ከባሕር ወለል ይልቅ በከፍተኛ ቦታ ጉዳቱ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በ110 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ ክዳኑ በድንገት ቢከፈት ከእያንዳንዱ ሊትር ከ50 ሊትር የሚበልጥ እንፋሎት ይወጣል። ፊትና እጅ የሚቃጠለው በዚህ ነውና ሞተሩ እስኪበርድ መታገሥ ግድ ነው። የላላ ቺንጋ፣ የማይዞር ማራገቢያና ያፈተለከ የቴስታ ጓርኒሲዮንም ቴርሞስታቱ ከመወንጀሉ በፊት ሊታዩ ይገባል።

ቴርሞስታቱን ራሱን መመርመር ቀላል ነው። በክር ተንጠልጥሎ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ውኃው እየተጣደ በቴርሞሜትር ይለካል። በላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ ገደማ መከፈት ከጀመረ ጤነኛ ነው። ነገር ግን 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ100 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዳማም ሆነ አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት ያለ ውኃ እዚያ ሊደርስ አይችልም። ውኃው እየተንተከተከ በሩ ግማሽ እንኳ ሳይከፈት ስለቀረ ብቻ «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው ቴርሞስታት ደኅና ሊሆን ይችላል። በከፍታችን ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር መከፈቱና ከድስቱ ወጥቶ ሲበርድ መልሶ መግጠሙ ይበቃል።